የጨርጨር ተራሮች አነሣሥና የጂኦፊዚክስ ልኬት

ጨርጨር ከሚኤሶ ሜዳ በላይ የሚነሣ፣ የደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደጋ ሰሜናዊ ጠርዝ ነው። ሚኤሶ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ በቀጥታ መስመር 20 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) 1,800 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በደጋው ሳይሆን በግርጌው፣ በሚኤሶ በኩል ያለፈውም ዳገቱን ሽሽት ነው።

መሬቱ ከፍ ማለቱን ድንጋዩ ይመሰክራል። በምዕራብ ሐረርጌ የመቻራ ዋሻዎች የተቦረቦሩበት የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን ባሕር ውስጥ የተነጠፈ ሲሆን፣ ዛሬ ከ1,500 ሜትር በላይ ይገኛል። ምን ደግፎ እንዳቆመው ግን ድንጋዩ አይናገርም።

ቀደምቱ መሣሪያ የስበት መለኪያ ነው። ሚኤሶ ላይ ተነብቦ ጭሮ ሲደርስ ከከፍታው የተነሣ ብቻ ንባቡ 120 ሚሊጋል (የስበት መለኪያ አሃድ) ያህል ይቀንሳል። ይህ ከታረመ፣ የተራራው የራሱ ክብደትም ከተቀነሰ በኋላ በኢትዮጵያ ደጋዎች ላይ በአብዛኛው 200 ሚሊጋል ገደማ ጉድለት ይቀራል፤ ከሥር ያለው አካል ቀላል ነው ማለት ነው። ችግሩ ወፍራም የምድር ቅርፊትም ሆነ ከሥሩ ያለው የጋለ ማንትል ይህንኑ ጉድለት ማሳየታቸው ነው። ስበት ብቻውን አይዳኝም።

ዳኛው የርዕደ መሬት ሞገድ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአዲስ አበባ ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ለረጅም ጊዜ የተፈጥሮ መንቀጥቀጥን ሲመዘግብ ኖሯል። በጥር 2003 እ.ኤ.አ. ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የውጭ ተመራማሪዎች ኢግል በተባለው ፕሮጀክት በጉድጓድ ፈንጂ እያፈነዱ፣ ከ1,000 በሚበልጡ መሣሪያዎች የሞገዱን መድረሻ ሰዓት መዘገቡ። ስምጥ ሸለቆውን ያቋረጠው 400 ኪሎ ሜትር የመሣሪያዎች መስመር ጨርጨርን አልረገጠም፤ ከደቡብ ምዕራቡ በኩል አልፏል። ሆኖም ለጨርጨር የሚበጀው ፍሬ ነገር የተገኘው ከዚያ ነው። በምዕራቡ ደጋ ሥር፣ ከቅርፊቱ ግርጌ፣ ሞገዱ በሰከንድ 7.4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሮጥበት ወፍራም ንብርብር ተገኘ። ይህ ንብርብር የባዛልት ላቫ አካባቢውን ባጥለቀለቀበት ዘመን፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ወደ ላይ ሳይወጣ እዚያው የቀዘቀዘ ማግማ ሳይሆን አይቀርም። ጨርጨር ባለበት በምሥራቁ ደጋ ሥር ግን አልታየም። ሁለቱም ደጋዎች ከፍ ያሉ ሆነው አንዱ ይህ ድጋፍ ከሌለው፣ የምሥራቁን ከፍታ ከቅርፊቱ ውፍረት ይልቅ ከታች ያለው የጋለ ማንትል ተሸክሞታል የሚለው ማብራሪያ ሚዛን ይደፋል። በዓለም አቀፍ የሞገድ ምስሎችም ከደቡብ አፍሪካ ሥር ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ኢትዮጵያ የሚወጣ፣ ሞገድ የሚዘገይበት ግዙፍ አካል ይታያል። ስምጥ ሸለቆው ሲሳሳና ሲሰምጥ ትከሻው ቀለል ብሎት ወደ ላይ መመለሱም የበኩሉን ይጨምራል።

የሸለቆው ግራና ቀኝ መለያየት አልቆመም። የጂፒኤስ ልኬት በዓመት በአማካይ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ መስፋትን ያሳያል፤ በ2017 ዓ.ም. ከሚኤሶ በስተምዕራብ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል መሬቱ ሲናወጥ የሳተላይት ራዳር ማግማ በስንጥቅ ሰርጎ ምድሩን ሲገፋ ቀርጾታል።