ግመል የሚራገፍበት፣ በቅሎ የሚጫንበት፦ የይፋት የሲራራ ማረፊያዎች

ጣርማ በርን ስናነሣ ብዙዎቻችን የሚታወሰን ዋሻው ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ዋሻ። ከዚያ መኪናው በደብረ ሲና ቁልቁል ይወርድና 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት ይገባል፤ ጋቢ ለብሶ የተሳፈረ ሁሉ እዚህ ያወልቃል።

ከመኪና በፊት ይህ ገደል የነጋዴ ፈተና ነበር። ከታጁራና ከዘይላ በረሃውን አቋርጦ የመጣ ግመል ዳገቱን አይወጣም። ስለዚህ ጭነቱ ግርጌው ላይ ይራገፋል፣ ቀረጥ ይከፈላል፣ ከዚያ በአጋሰስና በሸክም ሽቅብ ይወጣል። ማረፊያዎቹ የተፈጠሩት ከዚህ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን ሥራው የፋሬና የአልዩ አምባ ነበር፤ ሁለቱም ከጣርማ በር በስተደቡብ፣ ከአንኮበር ሥር ናቸው። ፋሬ የሸዋ መግቢያ ኬላ ነበረች። አልዩ አምባ ደግሞ አርጎባው፣ ሐረሬው፣ አፋሩና አማራው የሚገናኙበት ገበያ። ጨውና ጨርቅ ይገባል፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ እንዲሁም (ልንደብቀው አይገባም) ባሪያ ይወጣል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ይዞ በዚሁ በታጁራ መንገድ አንኮበር ደረሰ፤ ጉዞው 4 ወር ያህል ፈጅቶበታል። ገዢው ምኒልክ ግን ያኔ ወደ እንጦጦ ዞረዋል። ባቡሩ ድሬዳዋ (1902) ከዚያም አዲስ አበባ (1917) ሲደርስ የግመሉ መንገድ ፈዘዘ።

የቆሙ ቅርሶችን ለማየት ግን ከዚያ ቀደም ወዳለው ዘመን፣ ወደ ይፋት ሱልጣኔት መሄድ ያስፈልጋል። ኖራና አስበሪ ላይ በድንጋይ የተካቡ የመስጊድ ግድግዳዎች ዛሬም ይታያሉ። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ባለችው በጥንቷ አውፋት ደግሞ የወላስማ ሱልጣኖች መካነ መቃብር አለ፤ ድንጋዮቹ ላይ ዐረብኛ ተቀርጿል፣ ዘመናቸውም እስከ 14ኛው መቶ ዘመን ይደርሳል። ከተሞቹ በቆላውና በደጋው መካከል ባሉ ተረተሮች ላይ መሠራታቸው እንዲያው አይደለም፤ ንግዱ የሚያልፈው በዚያ ነው።

ችግሩ የተካበ ድንጋይ ለእርከንም ለአጥርም ይመቻል። ጽሑፍ ያለበት አንድ ድንጋይ ከቦታው ከተነሣ የማን መቃብር እንደነበር መለየት አይቻልም። በአካባቢው ያላችሁ ቤተሰቦቻችን እንዲህ ያለ ድንጋይ ካያችሁ ሳታነሡ ፎቶ አንሡትና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም አሳውቁ።