ሮም፦ የተመለሰው ድንጋይና የቆመው ድንጋይ

ሮም ሄዶ ኮሎሲየምን ሳያይ የሚመለስ የለም። እኔን ግን ገና ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ስወጣ ያስቆመኝ የአደባባዩ ስም ነው፦ «የ500ዎቹ አደባባይ»። እነማን መሰሏችሁ? እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው እዚያው አቅራቢያ አለ፤ ሐውልቱ ደግሞ ከግብፅ የመጣ፣ የዳግማዊ ራምሴስ ነው። መታሰቢያውም የሰው ድንጋይ!

ከኮሎሲየም ትንሽ በእግር ስትሄዱ ፖርታ ካፔና አደባባይ ትደርሳላችሁ። ፋሺስቶች የአክሱምን ሐውልት በ1937 ያቆሙት እዚህ ነበር። ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ውል የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ፈረመች። ሐውልቱ አክሱም የገባው ግን በ2005 ነው። አስቡት፣ 58 ዓመት!

ከከተማው ወጥታችሁ ወደ ምሥራቅ ተራሮቹን ስትይዙ አፊሌ የምትባል፣ በቀይ ወይኗ የምትታወቅ ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ በ2012 ለግራዚያኒ መታሰቢያ ቆመለት፤ አዎ፣ ለየካቲት 12ቱ ግራዚያኒ። «ሀገር» እና «ክብር» የሚሉ ቃላትም ተጻፉበት። የአክሱምን ሐውልት ለማስመለስ ቢያንስ የተፈረመ ውል ነበረን። ለአፊሌው ግን ምንም ውል የለም፤ ያለን ማስታወስና መናገር ብቻ ነው። ስለዚህ ሮም ከሄዳችሁ፣ ከኮሎሲየሙ ፎቶ በኋላ ለእነዚህም ጊዜ ስጡ።