እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስና የጎጃም አርበኛ

በአምስቱ የወረራ ዓመታት የጎጃም አርበኛ የተዋጋው ከመድፍና ከአውሮፕላን ጋር ብቻ አልነበረም፤ ከውግዘትም ጋር ነበር። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የነበሩት የጎጃሙ አቡነ አብርሃም ከፋሺስቱ ጎን ቆሙ፤ በ1930 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች የሊቀ ጵጵስናውን ሥልጣን ሰጧቸው፤ የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያንም አወገዘቻቸው።

በቢቸና በላይ ዘለቀን፣ በሞጣ ልጅ ኃይሉ በለውን የተከተለው ገበሬ ጾም የሚጾም፣ የንስሐ አባቱን የሚያከብር ነበርና የጳጳሱ ቃል ልቡን ፈትኖታል። ጠመንጃውን ግን አላስቀመጠም።

በሸዋ ተወልደው በደብረ ሊባኖስ የመነኮሱት እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ወደ ማይጨው ከዘመተው ጦር ጋር ነበሩ። ከሽንፈቱ በኋላ በኢየሩሳሌም በስደት ቆይተው፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ። መስቀል የያዘ ታላቅ አባት ከዘማቹ ጋር መታየቱ ለዚያ ውግዘት መልስ ነበር። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ከነጻነት በኋላ የሁለቱ ዕድል ተለያየ። እጨጌው በ1940 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ተብለው ጵጵስና ተሾሙ፤ በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው በ1963 ዓ.ም. አረፉ። በላይ ዘለቀ ግን በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ።

የእጨጌው ክብር ከጦሩ ጋር መገኘታቸው ነው። ነገር ግን ቡራኬያቸው ጎጃም ሲደርስ፣ የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ዱር ከገባ ዓመታት አልፈውት ነበር።