ዕቁብና ዋስ፦ ከመርካቶ እስከ ጀሞ

በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ሥራውን ሲጀምር በሩ የተከፈተው ለመኳንንቱና ለውጭ አገር ነጋዴዎች እንጂ ጨውና በርበሬ ዘርግታ ለምትቸረችር ሴት አልነበረም። መያዣ ለሌለው ቸርቻሪ ባንኩ ዘመዱ፣ ያገሩ ልጅና ጎረቤቱ ነበሩ።

ይህ ትስስር ጎልቶ የታየው በመርካቶ ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን የያዘው ፋሺስት ኢጣሊያ ያገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ሲያዛውረው የመርካቶ ስም አብሮ ተተከለ። ከጉራጌ ምድር ስንቁን ቋጥሮ የመጣ ወጣት ቀድሞት በገባ ያገሩ ልጅ ቤት ያርፋል፤ እየተላላከ ሥራ ይለምዳል፤ ጫማ ይጠርጋል፤ ሸቀጥ ያዞራል፤ ውሎ አድሮም ዕቁብ ይገባል። የዕቁብ ስሌት ቀላል ነው። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ ዕጣ የወጣለት 10,000 ብር ያነሣል፤ ወለድ የሚባል ነገር የለም። ጭንቁ ከዕጣው በኋላ ነው። ገንዘቡን ቀድሞ የበላ ሰው ቀሪዎቹን ሳምንታት እንደሚከፍል ማን ያውቃል? ዳኛው «ዋስ ጥራ» ይለዋል። ዋስ የሚሆነውም ቤቱንና ጠባዩን ለዓመታት ያየ ሰው ነው። ስለዚህም ዕቁብ ለሚታወቅ ሰው ካፒታል፣ ለማይታወቅ ሰው የተዘጋ በር ሆኖ ኖሯል። ስለ ዕቁብ የሚጽፉ ብዙዎች የመጀመሪያውን አወድሰው ሁለተኛውን በዝምታ ያልፉታል።

ዝምታው የሸፈነው ችግር በንፋስ ስልክ ላፍቶ ገሃድ ወጣ። ስሙን ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው የቴሌግራፍ ጣቢያ የወረሰው ይህ የከተማዋ ደቡባዊ ክፍል፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ጀሞን የመሰለ ሰፊ መንደር ተቆረቆረበት። ነዋሪው ከየሰፈሩ በዕጣ ተለቃቅሞ ገባ፤ ዋስ ያልተጠራበት ዕጣ! በመሐል ከተማ እንጀራ ትሸጥ የነበረች እናት ምጣዷንና ቡሃቃዋን በጭነት መኪና አመጣች። በዱቤ የሚወስዱ ደንበኞቿን፣ ዕቁብተኞቿንና ዋሷን ግን መኪናው አልጫነላትም። ፎቅ ላይ ማገዶ ማንደድ አይታሰብም፤ ከሕንፃው ሥር ጉሊት ብትዘረጋም የሚያልፈው ሁሉ ባዕድ ነው፤ እርሷም ለእርሱ ባዕድ ነች። ዱቤ ለማን ይሰጣል?

እንዲህ ባለ መንደር መተዋወቅ የሚጀምረው በለቅሶ ቤትና በዕድር ድንኳን ነው። ዕቁቡ ይከተላል፤ መጀመሪያ በጥቂት ሰው፣ በጥቂት ብር፤ ቢጎድል ብዙ በማይጎዳ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘቡ በእጅ ስልክ መላክ ጀምሯል፤ ስልኩ ባለበት በዚያ ሰፈር ዳኛው ዛሬም «ዋስህ ማን ነው?» ማለቱን አልተወም።