ፍየሏ፣ ጥቀርሻውና መቃው፦ የብራና መጽሐፍ ከምን ተሠራ?

የብራና መጽሐፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በቤተ ክርስቲያን፣ በሙዚየም፣ ካልሆነም በስልካችሁ ላይ በፎቶ አይታችሁ ይሆናል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ስናይ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው «ምን ይላል?» ብለን ነው። ዛሬ ሌላ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ከምን ተሠራ? እንዴትስ ተሠራ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን ለትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ፕሮጀክት «ትንሽ የብራና መጽሐፍ የሚመስል ነገር እሠራለሁ» ብላችሁ ብትነሱ ወዲያው ትቸገራላችሁ። የምን ቆዳ ነው? ቀለሙ ከምን ይመጣል? ቅጠሎቹን አንድ ላይ የያዛቸው ክር በየት በኩል ነው የሚያልፈው? የድሮ መጻሕፍታችን ስለ ቅዱሳን፣ ስለ ነገሥታትና ስለ ሕግ ብዙ ይነግሩናል። ስለ ራሳቸው አሠራር ግን እምብዛም አይናገሩም።

ለምን? አንደኛው ምክንያት ሙያው ከመምህር ወደ ተማሪ የሚተላለፈው በዓይንና በእጅ መሆኑ ነው። ተማሪው አጠገብ ተቀምጦ ያያል፤ ይሞክራል፤ ያበላሻል፤ ይታረማል። ሌላው ምክንያት ትንሽ ያሳዝናል። በአገራችን የእጅ ሥራ ለረጅም ዘመን የተናቀ ነበር። ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፣ ብረት የሚሠራውን «ቀጥቃጭ» እያሉ መሳደብ የተለመደ ነበር። ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ለማወቅ ይህን አስቡ፦ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያዎችን በሥራቸው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። የተናቀን ሥራ ደግሞ ማን ቁጭ ብሎ ይጽፈዋል?

እንግዲህ የአሠራሩ መመሪያ ተጽፎ ካልቆየን፣ መረጃውን ከሌላ ቦታ መፈለግ አለብን። የመጀመሪያው ቦታ መጽሐፉ ራሱ ነው።

ቀዳዳው የሚናገረው

አንድ የብራና ቅጠል በጥንቃቄ ብታዩ፣ መሃሉ ላይ እንቁላል የመሰለ ቀዳዳ ልታገኙ ትችላላችሁ። ጽሑፉ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ይዘልለውና ከዚያ ማዶ ይቀጥላል። ይህ ምን ይነግረናል? ቀዳዳው ጽሑፉ ከመጻፉ በፊት ነበር ማለት ነው። አይጥ በኋላ የበላው ቢሆን ኖሮ ፊደሎቹም አብረው በተቆረጡ ነበር። ቅርጹስ ለምን ክብ ወይም እንቁላል መሰለ? ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቢላዋ ትንሽ ከነካው፣ ሲወጠር ትንሿ ጭረት ትከፈታለች። ስለዚህ ያቺ ቀዳዳ «ይህ ቆዳ ተወጥሮ ነው የደረቀው» የምትል ምስክር ናት።

ጸሐፊው ታዲያ የተቀደደውን ለምን አልጣለውም? እስቲ እናስላ። ከአንድ የፍየል ቆዳ አራት መካከለኛ ቅጠል ይወጣል እንበል። 200 ቅጠል ያለው መጽሐፍ 50 ፍየል ይፈልጋል ማለት ነው። በክንዳችሁ የምታቅፉት መጽሐፍ አንድ ሙሉ መንጋ ነው! እንዲህ ባለ ሥራ ለአንዲት ቀዳዳ ተብሎ ቆዳ አይጣልም፤ ወይ በጅማት ይሰፋል፣ ወይ ጸሐፊው ዙሪያውን ይጽፋል።

ቆዳው የፍየል ይሁን የበግ እንዴት ይታወቃል? ፀጉሩ የበቀለባቸው ጥቃቅን ነጥቦች አደራደር ፍንጭ ይሰጣል። ከዚህ የረቀቀ መንገድም አለ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዙ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ13ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ የተሠሩ መጽሐፍ ቅዱሶች ከየትኛው እንስሳ እንደተሠሩ የለዩበትን ዘዴ አሳተሙ። የተጠቀሙት ምን እንደሆነ ገምቱ፤ ተራ የእርሳስ ላጲስ! ላጲሱ ብራናው ላይ ቀስ ብሎ ሲታሽ የፕሮቲን ቅንጣቶች ይዞ ይነሳል። ከላጲሱ ፍርፋሪ ውስጥ የተገኘው ፕሮቲን ተመርምሮ ፍየሉ ከበጉ፣ በጉ ከጥጃው ይለያል። መጽሐፉ ሳይቆረጥ፣ ሳይጎዳ።

ዓድዋ አካባቢ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታዊ ወንጌሎችም የሚነግሩን ይህንኑ ነው። ባለሙያዎች የሥዕሎቹን ስልት እያዩ 11ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ወይም ከዚያ በኋላ የተሠሩ ይመስሏቸው ነበር። ከብራናው የተወሰደ ቅንጣት ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በካርበን-14 ሲመረመር ግን ዕድሜያቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ላይ አረፈ። ዘዴው እንዲህ ነው፦ እንስሳ በሕይወት ሳለ ከሚበላው ካርበን-14 ያገኛል፤ ሲታረድ ማግኘቱ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው በ5,730 ዓመት ግማሹ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የቀረውን መጠን የለካ ሰው እንስሳው መቼ እንደሞተ ያሰላል። ሥዕሉ ያልተናገረውን ቆዳው ተናገረ።

ቆዳ እንዴት ብራና ይሆናል?

ሁለተኛው የመረጃ ምንጫችን ሙያውን ዛሬም የያዙ ሰዎች ናቸው። የብራና ሥራ በኢትዮጵያ አልሞተም። የሚሠሩት ሰዎች የሚከተሉት መንገድ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ቆዳው ለጥቂት ቀናት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ጠርዙ ተበስቶ በጠፍር በእንጨት መወጠሪያ ላይ እንደ ከበሮ ይወጠራል። በሥጋው በኩል ያለው ስብና ሞራ ይፋቃል፤ በሸካራ ድንጋይ ይታሻል። ሲደርቅ ደግሞ ፀጉሩ ተፍቆ ይነሳል። በአውሮፓ ፀጉሩን ለማላቀቅ ቆዳውን በኖራ ውኃ መዘፍዘፍ የተለመደ ነበር። የእኛ ባለሙያዎች ግን ያለ ኖራ፣ በፍቀት ብቻ ያነሱታል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ብራናና ቆዳ ምን ለያቸው?» ብትሉ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቆዳ በአብዛኛው የተሠራው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ኮላጅን እንደ ተጠላለፈ ክር ሆኖ የሚገኝ ነገር ነው። ለጫማና ለከረጢት የሚሆነው ቆዳ በዛፍ ቅርፊት ወይም ቅጠል ውስጥ ባለ ታኒን ይለፋል። ታኒኑ ከኮላጅኑ ጋር በኬሚካል ተሳስሮ እንዳይበሰብስ ያደርገዋል። ብራና ግን አይለፋም። ምሥጢሩ በሙሉ መወጠሩ ላይ ነው። እርጥቡ ቆዳ ተወጥሮ ሲደርቅ የተጠላለፉት ክሮች ከገጹ ጋር ትይዩ ሆነው ይተኛሉ፤ ውኃው ሲወጣ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። በቃ፣ ስስ፣ ጠንካራና ለጽሕፈት የሚመች ገጽ ተገኘ።

ይህ የብራናን ጠላቶችም ያስረዳናል። ኮላጅን በሙቅ ውኃ ሲቀቀል ወደ ጄላቲን ይቀየራል፤ የአጥንት መረቅ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ብራና ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ካገኙት ይኮማተራል። አየሩ ሲረጥብም መጠምዘዝ ይወዳል። የድሮ መጻሕፍት በወፍራም የእንጨት ገበታ መሃል ተይዘው፣ በቆዳ ተለብጠው፣ ከዚያም በማኅደር ውስጥ የሚቀመጡት ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንጨቱ ብራናውን ተጭኖ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል።

መጽሐፉን የማይበላ ቀለም

ተማረ ለማለት «ቀለም ቆጠረ» እንላለን፤ ትምህርቱንም «የቀለም ትምህርት» እንለዋለን። የአንድ ቁስ ስም የዕውቀት ስም ሆነ ማለት ነው። ቀለሙ ራሱስ ምን ነበር?

ጥቁሩ ቀለም ዋና ነገሩ ካርበን ነው፤ ከድስትና ከምጣድ ሥር የሚፋቅ ጥቀርሻ። እንደ ባለሙያው ልማድ የተቃጠለ እህልና የተክል ቅጠል ይገባበታል። ከሙጫና ከውኃ ጋር ደጋግሞ ይፈጫል፤ ለረጅም ጊዜም ይቀመጣል። ማስፈጨቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ጥቀርሻ ከውኃ ጋር አይስማማም፤ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። በሙጫ ሲታሽና ሲደቅቅ ግን ቅንጣቶቹ ውኃው ውስጥ ተበትነው ይቆያሉ። ሲደርቅም ሙጫው ገጹ ላይ ያጣብቃቸዋል።

አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት የተጠቀሙበት ሌላ ቀለም ነበር። ከዛፍ ዕባጭ በሚገኝ ታኒንና ከብረት ጨው ይሠራል። መጀመሪያ ያምራል፤ ነገር ግን አሲድ ስላለው ከጊዜ በኋላ የተጻፈበትን ነገር ይበላል። የታላቁ ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ የባኽ የእጅ ጽሑፎች ወረቀታቸው በቀለሙ እየተበላ ባለሙያዎችን ሲያስጨንቅ ኖሯል። ካርበን ግን በቀላሉ ከሌላ ነገር ጋር አይዋሃድም፤ ፀሐይም አያደበዝዘውም። ከድስት ቂጥ የተፋቀው ጥቀርሻ በዚህ በኩል በለጠ።

ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል። ቀለሙ በቀንድ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቀንዱም እንዳይደፋ ጫፉ መሬት ውስጥ ይተከላል። መስመሩ ደግሞ ያለ ቀለም ነው፦ ጸሐፊው ጠርዙን በወስፌ ይወጋና ከነጥብ እስከ ነጥብ በደንዳና ጫፍ ይጭራል። ብራናውን ወደ ብርሃን ዘንበል ብታደርጉት ጭረቱን ዛሬም ታዩታላችሁ።

ክሩ የሚያልፍበት መንገድ

የኢትዮጵያ የብራና መጽሐፍ ሲከፈት ዝርግ ብሎ ይቀመጣል። ሙጫ ጀርባውን አልያዘውምና። ቅጠሎቹ እየታጠፉ በየጥራዙ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ አንዱ ጥራዝ ከቀጣዩ ጋር በሰንሰለት ስፌት ይያያዛል። ብዙ ጊዜ አራት ቀዳዳ፣ ማለትም ሁለት ጥንድ ይበሳል፤ እያንዳንዱ ጥንድ የራሱ ክር አለው። አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ተመሳሳይ ስፌት በጥንት የግብፅ ኮፕት መጻሕፍትም ይገኛል። አውሮፓውያን በኋላ በጀርባ በኩል ገመድ እየጨመሩ ወደ ሌላ አሠራር ሲሄዱ፣ በኢትዮጵያ ይህ ስልት እስከ ዛሬ ቀጠለ።

ፎቶው የማያሳየው

ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት በአሜሪካ ሚኒሶታ ካለው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር 9,000 ገደማ መጻሕፍትን በፊልም ቀረጸ። ትልቅ ውለታ ነው። በ1868 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዞች ከመቅደላ ከወሰዷቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ ደግሞ ለንደን ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹን በኢንተርኔት ማየት ይቻላል።

ነገር ግን ጥቁርና ነጭ ፊልም «ምን ይላል?» ለሚለው ይመልሳል እንጂ «ከምን ተሠራ?» ለሚለው ብዙም አይመልስም። የቅጠሉ ውፍረት፣ የቀዩ ቀለም ዓይነት፣ ክሩ በገበታው ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ ፊልሙ ላይ የለም። ከዚህም በላይ ቆዳው ሲፋቅ መቼ መቆም እንዳለበት የሚያውቀው የባለሙያው ጣት ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሥርግው ሐብለ ሥላሴ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ አሠራር መጽሐፍ ያሳተሙት ይህ ዕውቀት በጽሑፍ እንዲቀመጥ በማድረግ በኩል ትልቅ እርምጃ ነበር። ግን ባለሙያው ሁሉ የራሱ ዘዴ አለው። አንድ ሽማግሌ ሲያርፉ የእሳቸው ዘዴ ካልተመዘገበ፣ የትኛውም ካሜራ መልሶ አያመጣውም።

እስቲ ሞክሩ

አሁን ወደ ፕሮጀክታችሁ። ቀለሙን ብቻ በመሥራት ጀምሩ። እሳትና ቢላዋ ያለበትን ሥራ ትልቅ ሰው ይርዳችሁ፤ ጥቀርሻ ስትፍቁም አፍንጫችሁን ሸፍኑ። በውኃ የሚሟሟ የግራር ሙጫ ፈልጉና ሌሊቱን በውኃ ዘፍዝፉት፤ ዕጣን ግን በውኃ በደንብ ስለማይሟሟ አይሆንም። ሦስት ብርጭቆ አዘጋጁ። በሦስቱም እኩል ጥቀርሻና እኩል ውኃ ይግባ፤ አንዱ ያለ ሙጫ፣ አንዱ በትንሽ ሙጫ፣ አንዱ በብዙ ሙጫ። በደንብ አሹት። በመቃ ብዕር ወፍራም ወረቀት ላይ ጻፉና በማግስቱ በጣታችሁ እሹት። የትኛው ለቀቀ? የትኛው ተሰነጣጠቀ?

ሙከራ ስታደርጉ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሁለት ነገር አንዴ ከቀየራችሁ ውጤቱ ከየትኛው እንደመጣ አታውቁም። ቀኑን፣ መጠኑንና ውጤቱን በደብተር ጻፉ፤ የተበላሸውንም ጭምር።

ከዚያ በአካባቢያችሁ ብራና የሚፍቅ፣ ቁም ጽሕፈት የሚጽፍ ወይም መጽሐፍ የሚደጉስ ሰው እንዳለ ጠይቁ። ካገኛችሁ በአክብሮት ቀርባችሁ «አባባ፣ ቀለሙን ሲሠሩ ሙጫው እንደበቃ በምን ያውቃሉ?» በሏቸው። መልሳቸውን እንደተናገሩት፣ በራሳቸው ቃል ጻፉት። ምናልባት ያንን መልስ ከእናንተ በፊት ማንም አልጻፈው ይሆናል።