የመጠለያ ደንብ እንደ ሐኪም ትእዛዝ፦ በጊዜያዊ መጠለያ የቆዩ ቤተሰቦች ታሪክ ከኮረም እስከ ዛሬ

መግቢያ

አንድ ቤተሰብ በድርቅ፣ በጎርፍ ወይም በጦርነት ምክንያት ቀዬውን ለቆ ወደ ጊዜያዊ መጠለያ ሲገባ ከእህልና ከብርድ ልብስ አስቀድሞ የሚያገኘው ደንብ ነው። በየትኛው ሰልፍ እንደሚቆም፣ በየትኛው ዳስ እንደሚያድር፣ የት እንደሚጸዳዳ፣ ከልጆቹ የትኛው ተመዝኖ ወደ ምገባ ማዕከል እንደሚወሰድ፣ እስከ መቼም መቆየት እንደሚፈቀድለት ይነገረዋል። ይህ ደንብ በአብዛኛው የአስተዳደር ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ታሪኩን ለመረመረ የጤና ባለሙያ ግን የመጠለያ ደንብ ከመድኃኒት ማዘዣ የሚለይ አይደለም። በትክክል ከታዘዘ ያድናል፤ መጠኑ ወይም ጊዜው ከተሳሳተ ይገድላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአገራችን የመጠለያ ታሪክ ውስጥ ደንቦቹ ከየት እንደመጡ፣ የትኞቹ ሕይወት እንዳተረፉና የትኞቹ ቤተሰብን እንደበተኑ ማሳየት ነው።

መሰብሰብ ራሱ በሽታ ሲሆን

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ጊዜ የተራበው ሕዝብ ወደ አውራ ጎዳናው ወርዶ በየከተማው ዳር ሰፈረ። መጠለያዎቹ የተከፈቱት ሕዝቡ ከተሰበሰበ በኋላ ስለነበር ደንብ ቀርቶ ውኃና መጸዳጃ እንኳ አስቀድሞ አልተዘጋጀም። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመው በዚሁ መቅሠፍት ማግሥት በ1966 ዓ.ም. ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ የትግራይ፣ የወሎና የሰሜን ጎንደር ገበሬ እንደገና ወደ መጠለያ ተሰደደ። ኮረም፣ መቀሌ፣ ባቲና እብናት የሚባሉት ስሞች በ1977 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ የታወቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ኮረም ከአላማጣ ሜዳ በላይ በደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሌሊቱ ብርድ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ገሚሱ በትልልቅ የቆርቆሮ መጋዘኖች፣ ገሚሱ በሜዳ ላይ ተኮልኩሎ ያድር ነበር። ብርድን ለመከላከል ሰው ያለውን ልብስ ሁሉ ደራርቦ ይለብሳል፤ እርስ በርስ ተጠጋግቶ ይተኛል፤ ውኃ ስለሌለ ልብሱን አያጥብም። የልብስ ቅማል ከዚህ የተሻለ ምቹ ሁኔታ አያገኝም። ቅማል ሰውነቱ በትኩሳት የጋለን ሰው ትቶ ወደ ጎረቤቱ የሚሻገር ፍጡር ስለሆነ አንዱ ሲታመም ሌላው ይያዛል። ተስቦና ግርሻ በመጠለያ ውስጥ እንደ ሰደድ እሳት የሚዛመቱት በዚህ መንገድ ነው። ወታደራዊው መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ በየካምፑ በተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮች መካከል የግርሻ ወረርሽኝ መነሣቱም ተመሳሳይ ምክንያት ነበረው።

ኩፍኝ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነበር። የተራበ ሕፃን በኩፍኝ የሚሞተው የሰውነቱ የመከላከል አቅም ስለደከመ ብቻ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። ዴንማርካዊው ተመራማሪ ፒተር አቢ በጊኒ ቢሳው ባደረገው ጥናት ግን በአንድ ቤት ውስጥ ከታመመ ወንድሙ ወይም እኅቱ ኩፍኝ የተላለፈበት ሕፃን ከውጭ ከያዘው ይበልጥ የመሞት ዕድል እንዳለው አሳየ። መጨናነቅ የበሽታውን ስርጭት ከመጨመሩም በላይ ጥናቱን ያባብሳል ማለት ነው። አሌክስ ደ ቫል የተባለው ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው የዳርፉር ረሃብ ጥናቱ አብዛኛው ሞት የተከሰተው ከእህል እጥረት ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ንጹሕ ውኃና የጤና አገልግሎት በሌለበት ቦታ ተጨናንቆ በመስፈሩ እንደሆነ ተከራከረ። በዚህ አስተያየት ሁሉም ባይስማማ እንኳ አንድ ነገር አስተምሯል። ወደ መጠለያ መግባት ራሱ ለጤና አደገኛ ክስተት ሊሆን ይችላል።

መምረጥና መለየት

በ1977 ዓ.ም. መባቻ በመቀሌ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ነርስ የነበረችው ክሌር በርሺንገር በየዕለቱ በሰልፍ ከሚጠብቁት በብዙ መቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት መካከል ጥቂት አሥሮችን ብቻ መርጣ ወደ ምገባ ማዕከሉ ማስገባት ነበረባት። ቦታውም ምግቡም ለሁሉም አይበቃም ነበርና። የተመረጠው ይበላል፤ ያልተመረጠው ከእናቱ ጋር ተመልሶ ይሄዳል። እጅግ የተጎዳውና ሊድን የማይችለው አይመረጥም፤ ገና ጥቂት ቀን ሊቆይ የሚችለውም አይመረጥም። በርሺንገር ይህ ምርጫ በኅሊናዋ ላይ ጥሎት ያለፈውን ሸክም ከሃያ ዓመት በኋላ በመጽሐፍ ገልጻዋለች። በሕክምና ቋንቋ ይህ ቅድሚያ መስጠት ይባላል። በሰልፉ ላይ ለቆመችው እናት ግን ልጄ ለምን ቀረ የሚል መልስ የሌለው ጥያቄ ነበር።

ቤተሰብን የለየው ሌላው ደንብ በጤና ባለሙያ የወጣ አልነበረም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲሰፍር መጠለያዎች የሰፋሪዎች መሰብሰቢያ ሆነው አገልግለዋል። አባት ለእህል ወጥቶ ሳይመለስ፣ እናት ከልጆቿ ተለይታ የተጫነችበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። ወሬው በየመንደሩ ሲዳረስ የታመመ ልጅ የያዘች እናት እንኳ ወደ መጠለያ መሄድን መፍራት ጀመረች። ይህን በይፋ የተቃወመው የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. ደግሞ የእብናት መጠለያ በአካባቢው ባለሥልጣናት ትእዛዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተበተነ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ፣ ብዙዎቹ ሕሙማን፣ በእግሩ ወደ መጣበት እንዲመለስ ተደረገ፤ ዳሶቹም ተቃጠሉ። ድርጊቱ ስሕተት እንደነበር መንግሥት በኋላ አምኗል። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። በደንቡ ላይ እምነት የጠፋ እንደሆነ ክትባቱም ሕክምናውም ሰው አያገኝም።

ደንብ በቁጥር ሲጻፍ

ዓለም አቀፉ ኅብረተሰብ ስለ መጠለያ የጋራ መለኪያ ለማውጣት የተነሣው ከሌላ መቅሠፍት በኋላ ነው። በሐምሌ 1986 ዓ.ም. ከሩዋንዳ ወደ ዛየር ጎማ ከጎረፈው ሕዝብ ውስጥ በመጀመሪያው ወር ብቻ ሃምሳ ሺህ ያህል ሰው፣ በአብዛኛው በኮሌራና በተቅማጥ፣ አለቀ። እርዳታ ሰጪዎቹ ብዙ ነበሩ፤ አንድ ሰው ስንት ሊትር ውኃ እንደሚያስፈልገው ግን ሁሉም የሚስማማበት ደንብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው የስፊር ፕሮጀክት ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነበር። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ2000፣ አራተኛው ደግሞ በ2018 ወጥቷል።

በመለኪያው መሠረት አንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ የመኖሪያ ወለል፣ በቀን 15 ሊትር ውኃና 2,100 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል። የውኃ መቅጃው ከመኖሪያው ከ500 ሜትር አይርቅም። አንድ መጸዳጃ ለ20 ሰው ነው፤ በአደጋው መጀመሪያ ሰሞን ግን እስከ 50 ሰው ሊጋራው ይችላል። የሴቶች መጸዳጃ ከወንዶች በሦስት እጥፍ እንዲበልጥ ይመከራል። ከስድስት ወር እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ሁሉ የኩፍኝ ክትባት ይሰጣቸዋል፤ ከዘጠኝ ወር በታች የተከተቡት ዘጠኝ ወር ሲሞላቸው ይደገማል። ከ10,000 ሰው በቀን ከአንድ በላይ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 10,000 ሕፃናት ደግሞ በቀን ከሁለት በላይ ከሞቱ የአደጋ ጊዜ ምልክት ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ደረቅ ይመስላሉ። የኮረምን ሌሊት ለሚያስታውስ ግን 3.5 ካሬ ሜትር ማለት ቅማልና ሳል በቀላሉ የማይሻገሩበት ርቀት ነው። 15 ሊትር ማለት ከመጠጥና ከማብሰያ አልፎ ለልብስ ማጠቢያ የሚተርፍ ውኃ ነው።

የክትባቱ የዕድሜ ጣሪያ ከፍ ማለቱም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በጎዴ ወረዳ በደረሰው ረሃብ ላይ የተካሄደና በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ከሞቱት 159 ሕፃናት 22 በመቶው የሞቱት በኩፍኝ ብቻ ወይም በኩፍኝና በክሳት መሆኑን አሳይቷል። ከአምስት እስከ 14 ዓመት ካሉትም ከስድስት ሟቾች አንዱ በኩፍኝ ነው የሞተው። ከሞቱ ሁሉ ሦስት አራተኛው የደረሰው ዋናው እርዳታ ከመጀመሩ በፊት ነበር። አጥኚዎቹ የኩፍኝ ክትባት ከቫይታሚን ኤ ጋር እስከ 12 ወይም 15 ዓመት ላሉ ልጆች እንዲሰጥ ያሳሰቡት በዚህ ምክንያት ነው።

እናትን ከቤቷ ያልለየ ደንብ

በቆየው አሠራር በጽኑ የተጎዳ ሕፃን በምገባ ማዕከል ውስጥ ለሳምንታት ይተኛል፤ እናቱም አብራው ትቆያለች። ይህ ደንብ ለሕክምናው ተገቢ ይመስል ነበር። ይሁን እንጂ እናት አንዱን ልጅ ለማዳን ስትል ሌሎቹን በቤት ወይም በዳስ ጥላ ትሄድ ነበር። እርሻው ሳይታረስ ይቀራል፤ የቀሩት ልጆች ይራባሉ፤ ማዕከሉም ሲጨናነቅ በሽታ ይተላለፍበታል። ብዙ እናቶች ልጃቸው ሳይሻለው ይዘውት ይጠፉ ነበር፤ በመዝገባችን ላይም «ያቋረጠ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ያቋረጠችበትን ምክንያት ግን መዝገቡ አይጠይቅም።

ለውጡ በከፊል የጀመረው በአገራችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሐዲያ በባደዋቾ ወረዳ ስቲቭ ኮሊንስና ባልደረቦቹ ተወሳስቦ ያልታመመውን ሕፃን በተዘጋጀ የለውዝ ቅባታማ ምግብ በየሳምንቱ በሚደረግ ክትትል በቤቱ ማከም ጀመሩ። ከታከሙት የሞቱት ሕፃናት በመቶኛ ሲሰላ ለማዕከላት የተፈቀደውን የ10 በመቶ ጣሪያ አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ይህን አሠራር በጋራ መግለጫ ተቀበሉት። ቆይቶም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አማካይነት በየቀበሌው ጤና ኬላ ተስፋፋ። በዚህ አሠራር ደንቡ ከቤተሰቡ ኑሮ ጋር እንዲስማማ ተደረገ እንጂ ቤተሰቡ ለደንቡ አልተሰበረም። የዳነውም ሕፃን የበዛው በዚህ ነው።

በሕግ በኩልም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጡት የአገር ውስጥ ተፈናቃዮች መርሖዎች አብሮ መቆየት የሚፈልግ ቤተሰብ እንዳይለያይ፣ የተለያየውም በፍጥነት እንዲገናኝ ያዛሉ። የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2009 ተፈርሞ ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. አጽድቃዋለች።

ማጠቃለያ

የመጠለያ ታሪክ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የደረሰው የድሬዳዋ ጎርፍ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ለመጠለያ ዳርጓል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በመቀሌ፣ በደሴና በሌሎች ከተሞች የትምህርት ቤት ክፍሎችን ተጋርተው ኖረዋል። በአንድ የመማሪያ ክፍል በርካታ ቤተሰብ ሲያድር የጥንቱ የኮረም ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ በመጠለያ የሚመደብ የጤና ባለሙያ ደንብ ሲወጣ ዝም ብሎ ሊቀበል አይገባም። አንደኛ፣ ደንቡ የትኛውን በሽታ እንደሚከላከል ይጠይቅ፤ መልስ ከሌለው ለአስተዳደሩ ምቾት የወጣ ሊሆን ይችላልና። ሁለተኛ፣ የኩፍኝ ክትባት፣ ውኃና መጸዳጃ ከምዝገባና ከቆጠራ ጋር እኩል ይጀመሩ እንጂ በኋላ አይምጡ። ሦስተኛ፣ እናትን ከልጆቿ፣ ሕሙሙን ከአስታማሚው የሚለይ ደንብ ሁሉ የሕክምና ምክንያት ይቅረብለት፤ ያም ምክንያት ለቤተሰቡ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። አራተኛ፣ ሞት በየቀኑ ይቆጠር፤ ያልተቆጠረ ሞት ደንብን አያሻሽልምና። አምስተኛ፣ መጠለያው ሲዘጋ የታመመው፣ ነፍሰ ጡሯና በምገባ ላይ ያለው ሕፃን ወዴት እንደሚሄዱ አስቀድሞ ይወሰን።

ከላይ ከዘረዘርናቸው ቁጥሮች እያንዳንዱ በስተጀርባው ሰልፍ ላይ የቆመች እናት አለችው። ቁጥሩን በቃል መያዝ ቀላል ነው። እናቲቱን ማስታወስ ግን በየመጠለያው በር የሚቆመው ባለሙያ ሥራ ነው።