ከጋዜጣ የበቀለ መንደር

ከሐዋሳ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ በሚያመራ መኪና የተሳፈረ መንገደኛ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሻሸመኔን ግርግር ሲሻገር፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባ አጥር ከመንገዱ ዳር ብቅ ይልለታል፤ ረዳቱም «ጃማይካ ወራጅ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የዚያ ሰፈር መሠረት ከከተማችን ይቀድማል። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ጥረት ስትቈረቈር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙት የባሕር ማዶ ጥቁሮች የውለታ መልስ ይሆን ዘንድ 5 ጋሻ መሬት ከሰጡ 12 ዓመት አልፎ ነበር።

ስለ ሰፈሩ የተጠየቀ የሐዋሳ ሰው ቦብ ማርሊን ይጠራል እንጂ ዶክተር መላኩ በያንን አያነሣም። ሰይፍ የያዘውን በሐውልት እናስታውሳለን፤ ብዕር የያዘውን ለመርሳት ግን እንደ እኛ የሚፈጥን የለም።

መላኩ በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ያደጉ፣ ገና በወጣትነታቸው ለትምህርት ወደ ሕንድ ኋላም ወደ አሜሪካ የተላኩ ሰው ናቸው። ከአገራቸው የወጡት ባሪያን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣው የ1916 ዓ.ም. አዋጅ ሳይታወጅ ስለ ነበረ፣ ሰው በሰው ላይ ጌታ መሆኑን እንደ ተፈጥሮ ሥርዓት ከሚቈጥር ዓለም ተነሥተው፣ የጌታ ልጅ መሆናቸው ከምንም ወደማይቈጠርበትና የቆዳ ቀለም ብቻውን ምስክርም ዳኛም ሆኖ ወደሚፈርድበት ዓለም መሻገራቸው ነበር። በዚያ ዘመን ራሱን ከሌላው ጥቁር ለይቶ የሚያይ ኢትዮጵያዊ መኰንን ጥቂት አልነበረም፤ እርሳቸው ግን ጥቁሮች ለራሳቸው ልጆች ማዕከለ ትምህርት ባደረጉት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1927 ዓ.ም. ሲመረቁ፣ ዶሮቲ ሃድሊ የተባለችውን ጥቁር አሜሪካዊት አግብተው፣ የእርሷን ወገን ወገናቸው አድርገው ነበር።

ጦርነቱ በመጣ ጊዜ በሐኪምነት ዘመቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ ወደ ኒው ዮርክ ተልከው፣ ከየካቲት 12ቱ እልቂት ስድስት ወር ያህል ቈይቶ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ ከባለቤታቸውም ጋር «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለውን ጋዜጣ አወጡ። የጋዜጣው ብርቱነት በሮም ፋሺስት ላይ መጮኹ ብቻ አይደለም፤ ያንንማ ብዙዎች አድርገውታል። በኢትዮጵያ ላይ የወረደው መዓትና በአሜሪካ ጥቁሩን ከነጩ የሚለየው ሕግ ከአንድ የግፍ ምንጭ የተቀዱ መሆናቸውን በአንድ ብዕር መክሰሱ ነው። ኢትዮጵያን ከመዝሙረ ዳዊት በቀር የማያውቃት የሃርለም አንባቢ፣ የእርሷን ስደት በራሱ መከራ ልሳን ተጽፎ አነበበው።

ዶክተር መላኩ ግን በ40 ዓመታቸው፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በዚያው በስደት ዐረፉ፤ ንጉሡ ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ልክ ከአንድ ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ ነው። መሬቱም በፌዴሬሽኑ በኩል ለአባላቱ በተሰጠ ጊዜ መሥራቹ አላዩትም። ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው፤ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ አብዛኛው ይዞታ ተወሰደ፣ ሰፋሪዎቹም የነዋሪነት መታወቂያ እስኪያገኙ ሌሎች አርባ ዓመታት ጠበቁ።

ይህን ስጽፍ ግን እጄ ይከብደኛል። በፍቼ ጨምበላላ በዓል ቤተሰቡ ከብቦ ቡሪሳሜ የሚበላበትን ሻፌታ የሚሠሩት ሃዲቾዎች፣ በሲዳማ ምድር ከቀሪው ሕዝብ ጋር በጋብቻ እንዳይተሳሰሩ ሲከለከሉ ኖረዋል፤ ስለ አሜሪካ ልዩነት አንብቦ የሚያዝን የእኛ ሰው፣ ምግቡን ባቀረበለት ሸክላ ላይ ያለውን ልዩነት ሳያይ ጠግቦ ይነሣል። የእነርሱን ታሪክ ሌሎች ጽፈውላቸዋል፤ በራሳቸው እጅ የተጻፈውን ለማንበብ ግን ገና እጠብቃለሁ።

በሐዋሳ ገበያ ሸክላ የምትገዛ ሴት ዋጋ ከመጠየቋ በፊት ጣቷን አጥፋ ሻፌታውን ታንኳኳለች፤ ውስጡ የተሰነጠቀ እንደሆነ ድምፁ ይታፈናል፣ ደኅና የሆነው ግን ይጮኻል። ሠሪዋም ከሻፌታዎቿ ኋላ በሰሌን ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን አዘንብላ ታዳምጣለች።